ነጋዴው ለምን ዝም አለ?

(አረቅጥ ላይ ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር)

በቦታው ላልነበራችሁና አሁን በስልካችሁ ለምታነቡትም ያልኩትን እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።

በየሻይ ቤቱ አንድ ወቀሳ ትሰማላችሁ። «መርካቶ የኛ ሰው ሞልቶ፣ የክልል ጥያቄ ሲነሳ ባለሀብቶቻችን አፋቸው ተለጎመ» ይባላል። እኔም ብዬዋለሁ። ዛሬ ግን እንደ ድሮው አልለውም።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። የጠየቅነው ከኢትዮጵያ መውጣትን አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 በክልል ውስጥ ያሉ ብሔር ብሔረሰቦች በማንኛውም ጊዜ የራሳቸውን ክልል ማቋቋም ይችላሉ ይላል። የብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፣ ከዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደረጋል። የዞናችን ምክር ቤት በኅዳር 2011 ወሰነ። ሲዳማ በኅዳር 2012 ድምፁን ሰጠ። እኛ ጋ የድምፅ ሳጥኑ አልመጣም፤ በምትኩ ክላስተር መጣ። በ2014 ክረምት ሌሎቹ ምክር ቤቶች ሲያጸድቁ የኛ አላጸደቀም። በነሐሴ 2015 ግን የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ እኛም ውስጡ ነን።

በዚያው በነሐሴ 2014 ወልቂጤ ላይ ከቤት ያለመውጣት አድማ ተመታ። እስቲ አስታውሱ፣ ማን ነበር የተናገረው? ባለ ፎቁ አይደለም። ባለ ትንሿ ሱቅ፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ ባለ ባጃጁ ናቸው። አፋቸውን ሳይከፍቱ በራቸውን ዘጉ። በቀን ገቢ የሚኖር ሰው አንድ ቀን ሲዘጋ ምን እንደሚያጣ ነጋዴ ቤት ያደገ ያውቀዋል። እና «ነጋዴው ዝም አለ» ስንል የትኛው ነጋዴ?

ትልቁስ? የሱ ሀብት እዚህ ጉመር አይደለም ያለው። አዲስ አበባ ነው፣ ሐዋሳ ነው፣ ጅማ ነው። ፈቃዱን የሚያድስለት፣ የሊዝ ውሉን የሚፈርምለት፣ ግብሩን የሚተምንለት ሌላ ሰው ነው። መርካቶ የሚነግድ አንድ ዘመዴን «ለምን አትናገርም?» ብዬ አፋጠጥኩት። «አንተ ብትናገር የምትታሰረው አንተ ነህ። እኔ ብናገር አርባ ሠራተኛ ሥራ ይፈታል» አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። መልስ ግን አልነበረኝም።

ይሄ የኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ታይዋንን ተመልከቱ። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ እዚያ ክርክሩ የክልል ሳይሆን የሉዓላዊነት ነው። ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራሷን የምታስተዳድር፣ 23 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ደሴት ናት፤ ቤጂንግ ግን «ግዛቴ ነሽ» ትላታለች። ብዙ ነጋዴዎቿ ደግሞ ፋብሪካቸውን የተከሉት እዚያው ቻይና ነው። ሹ ዌንሎንግ የሚባል የቺ ሜይ ኩባንያ መሥራች ነበር፤ ወደ ነጻነት የሚያዘነብለውን ፕሬዚዳንት ቼን ሹይቢያንን በግልጽ የደገፈ ሰው። በማርች 2005 እ.ኤ.አ. ቻይና መገንጠልን የሚከለክል ሕግ አወጣች። በዚያው ወር፣ ሕጉን የሚቃወም ትልቅ ሰልፍ ታይፔ ላይ በወጣበት ቀን፣ «ታይዋንም ዋናው ምድርም የአንድ ቻይና ናቸው» የሚል የሹ ደብዳቤ ጋዜጣ ላይ ታተመ። ኩባንያው ቻይና ውስጥ ፋብሪካ ነበረው። ከዚህ በላይ ማብራሪያ ያስፈልጋል?

በሌላ በኩል ሮበርት ጻኦ አለ፣ ዩ ኤም ሲ የተባለው የቺፕ ኩባንያ መሥራች። በ2022 እ.ኤ.አ. ለደሴቲቱ መከላከያ 3 ቢሊዮን የታይዋን ዶላር እሰጣለሁ አለ፤ የሲንጋፖር ዜግነቱን ትቶ የታይዋኑን መልሶ ወሰደ። ደፋር ነው፣ አዎ። ግን ልብ በሉ፤ ይህን ሲል ኩባንያውን መምራት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። የሚይዙት በምኑ ነው?

ታዲያ ነጋዴ እየሠራ አይናገርም ማለት ነው? አባቶቻችን ተናግረዋል እኮ! በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው ከጉልበት ሠራተኛው እስከ ባለ ሱቁ አዋጡ። መንግሥትም ድርሻውን እንዲጨምር አደረጉ። የአንድ ሀብታም ስም አልነበረም ከፊት የቆመው፣ የድርጅቱ ነው። አንድ ነጋዴ ለብቻው ቢናገር ሱቁ ይታሸግ ይሆናል፤ ያ ሁሉ ሰው በካርኒ ሲናገር ግን የማንን ሱቅ ያሽጋሉ?

አንድ የሚጎመዝዝ ነገርም ልጨምር። ስልጤ በ1993 በሕዝበ ውሳኔ ሲለይ፣ ኋላም ቀቤናና ማረቆ የየራሳቸውን ልዩ ወረዳ ሲጠይቁ፣ ከኛ ስንቱ ደስ አለው? እውነቱን እናውራ፣ ብዙዎቻችን ተቆጥተናል። እኛ የምንጠይቀውን ሌላው ሲጠይቅ ከተቆጣን ነጋዴውን አናሳምነውም። እሱ ከቀቤናውም፣ ከስልጤውም፣ ከማረቆውም ጋር አንድ ገበያ ነው የሚውለው፤ ኩርፊያችን ደንበኛ ያሳጣዋል።

ስለዚህ ከባለሀብቱ መግለጫ መጠበቁን እንተው። ስሙ የማይወጣበት መዋጮ እንጠይቀው፤ ለጠበቃ፣ ለታሰረ ልጅ ቤተሰብ፣ የምክር ቤቱን ውሳኔና ደብዳቤዎቹን ሰብስቦ ለሚያስቀምጥ ሰው። ሒሳቡ ግን በየሦስት ወሩ ይነበብ፤ ነጋዴ ያለ ሒሳብ አያምንም፣ ልክም ነው።

የፊታችን መስቀል ሁሉም አገር ቤት ይገባሉ። ክትፎው ተበልቶ ቡናው ሲቀርብ ከስድብ አትጀምሩ። ለመንገዱ ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ገንዘቡን ማን እንደያዘው፣ ሲጣሉ ማን እንዳስታረቃቸው ጠይቁ። የዚያን ጊዜውን ካርኒ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ ሽማግሌ አይጠፋም። ካገኛችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን።