መታገሥ ወይስ መዘናጋት?

አንድ መንጋጋ ጥርሴ ታሞ ሦስት ሳምንት በማስታገሻ ክኒን ቆየሁ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ሶብር ነው» እል ነበር። ሶላት ላይ ግን ልቤ ጥርሴ ዘንድ ነበር። አንዲት እናት «እኔም እንደርስዎ ጥርሴን ታግሼዋለሁ» ሲሉኝ ደነገጥኩ።

በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መርምሮኝ ራጅ አነሳና «ሥሩ ቁልቁል ተሰንጥቋል፤ እንደ አጥንት ተመልሶ አይገጥምም። በስንጥቁ የሚገባው ጀርም አጥንትዎን ይጎዳል» አለኝ። በመርፌ አደንዝዞ ነቀለው።

ወገኖቼ፣ መድኃኒት ያለውን ሕመም ችላ ማለት ሶብር አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል። ተወኩል ማለት ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው።

ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም ለቁስሉ ክዳኑ ነው። ስለዚህ ለአንድ ቀን ውዱእ ስታደርጉ በኃይል አትጉመጥመጡ፤ ውሃውን በቀስታ አስገብታችሁ አፍስሱት። በረመዳንም ጥርስ መነቀል በራሱ ጾም አያፈርስም፤ ደሙን አውቆ መዋጥ ግን ያፈርሳል። ሕመሙ ጊዜ የሚሰጠው ሰው ከኢፍጧር በኋላ ቢያደርገው ይሻላል።

አካላችን አማና ነው። አላህ (ሱ.ወ) ለሕሙማኖቻችን ሺፋውን ያውርድላቸው። ወሰላሙ ዐለይኩም።