የልጆቻችንን ጥያቄ እንስማ
(ከማኅበሩ ጸሐፊ ለጠቅላላ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ወጣቶቻችን ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝናና ስለ አባላዘር በሽታ ትምህርት ቤት በግልጽ እንዲያስተምራቸው ጠይቀዋል። «ባለጉ» የሚሉ አሉ። ኧረ ምኑ ነው ብልግናው? በ2006 ዓ.ም. ኬፕ ታውን ላይ አገራችንን ጨምሮ 20 የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች ይህንኑ ትምህርት ለወጣቱ ለማዳረስ ቃል ገብተዋል። ልጆቹ የሚሉት፣ ቃሉ ክፍል ውስጥ ይግባ ነው።

ሴት ልጅ የመጀመሪያ አበባዋን ሳታይም ልታረግዝ ትችላለች። ኤች.አይ.ቪ. ያለበት ሰው በመልኩ አይታወቅም። ይህን ከአስተማሪ ካልሰሙ ከመንገድ ይሰሙታል፤ ያውም ተጣሞ። እኛ አፍረን ዝም ብንል ጉዳቱ የልጆቹ ነው።

ስለዚህ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝተን ጥያቄያቸውን እንደግፍ።