ሄኖክ ሰማይ ወጣ፤ እኛስ ምን ልከናል?

(ዛሪማ ላይ ለመምህራንና ለተማሪዎች ከተደረገ ንግግር)



ኅዳር 24 ቀን 2011 ዓ.ም. ከካሊፎርኒያ የተነሣ ሮኬት 64 ትንንሽ ሳተላይቶች ይዞ ወጣ። የአንዷ ስም ማን ይመስላችኋል? ሄኖክ! ጉድ እኮ ነው።

አንድ ክንድ የማትሞላውን ይህችን ሳተላይት ያሰበው ታቫሬስ ስትራካን የተባለ የባሃማስ ተወላጅ የጥበብ ሰው ነው። የጫነችው የወርቅ ማሰሮ ሲሆን የሮበርት ሎውረንስ ምስል ተቀርጾበታል። ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለጠፈር በረራ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በዚያው ዓመት ልምምድ ላይ አውሮፕላን ተከስክሶ ሞተ። ምስሉ ሰማይ የደረሰው 51ኛ ሙት ዓመቱ 5 ቀን ሲቀረው ነው።

ለመሆኑ ሄኖክን ዓለም ከማን አገኘው? መጽሐፉ ሙሉውን የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ያውም ስለ ፀሐይና ጨረቃ መውጫ በሮች የሚተርክ መጽሐፍ! ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ይህንኑ የናንተን ሊማሊሞ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ። በ1773 አውሮፓ ሲመለስ ሦስት ቅጂ ይዟል። አንዱ ፓሪስ ቀረ፤ ሁለቱ ውሎ አድሮ ኦክስፎርድ ገቡ።

እኛም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ሳተላይት ከቻይና አስወንጭፈናል። ለእርሻው፣ ለደኑ መረጃ ትሰበስባለች ተባለ፤ ደግ ነው። ባለሥልጣኖቻችን ስለ ኪሎዋም ስለ ወጪዋም ነገሩን። ስለ ጥበብ ትንፍሽ ያለ ግን እኔ አልሰማሁም።

«ሕዝቡ ዳቦ ሳይጠግብ ምን ሥዕል ወደ ሰማይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ግን የጃፓን የሥነ ጥበብ ተማሪዎችና መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2014 የላኳት ሳተላይት ሁለት ኪሎ እንኳ አትሞላም ነበር። እኔ የምለው ደግሞ ሌላ ሳተላይት ይሠራ አይደለም፤ በሚሠራው ላይ የመቶ ግራም ቦታ ይሰጠን ነው።

ቢሮክራሲው እንደሆነ እዚያም አለ። ከሄኖክ ጋር በአንድ ሮኬት የወጣው የትሬቨር ፓግለን የጥበብ ፊኛ፣ የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘግተው ፈቃድ ሲጠብቅ ሳይነፋ ቀርቷል!

ስለዚህ የሚመለከታችሁ ክፍሎች፣ ቀጣዩ ሳተላይት ሲታሰብ ከመጽሐፈ ሄኖክ አንዲት ገጽ በስስ ብረት ላይ ተቀርጻ ትሂድ። ፊደሉን የሚጥለውም የጎንደር ቁም ጸሐፊ ይሁን፤ ቤጂንግ የሚታተም ነገር እንዳታመጡብን። በሉ፣ አሁን የናንተን ልስማ።