ቤልጅግ መጋዘን ውስጥ የቀረው መድኃኒት

በመርፌ የምትጠቀም እናት የሦስት ወር ቀጠሮዋን አትረሳም፤ መድኃኒቱ በማን ገንዘብ እንደተገዛ ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

ለቤተሰብ ምጣኔ በመለገስ ከመንግሥታት ሁሉ ቀዳሚዋ አሜሪካ ነበረች። በ2025 እ.ኤ.አ. ዕርዳታዋን ስታቋርጥ 9.7 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ መርፌ፣ እንክብል፣ ሉፕና በክንድ የሚቀበር መከላከያ ቤልጅግ መጋዘን ውስጥ ቀረ። አብዛኛው ለአፍሪካ እናቶች የታሰበ ነበር። በሐምሌ እንዲቃጠል መወሰኑ ተነገረ። የአገልግሎት ዘመኑ እኮ ከ2027 በፊት አያልፍም! ድርጅቶች እንረከበው ቢሉም አልተፈቀደላቸውም።

ዕርዳታው ባልመጣ ማለቴ አይደለም፤ ስንት እናት ተርፋበታለች። ነገር ግን የሰጪው ሐሳብ ሲለወጥ የእኛም የጓዳ ምክክር አብሮ ይናጋል። ስለዚህ የመድኃኒቱ ግዢ በየአገሩ በጀት ውስጥ ይግባ እንላለን። እናንተም የለመዳችሁት ቢጠፋ በምን እንደምትተኩት ዛሬውኑ ነርሷን አብራችሁ ጠይቁ። ባለ መዳቡ ሉፕ፣ ለምሳሌ፣ እስከ 10 ዓመት ያገለግላል።