በጥቂት መብራት ሌሊትን ስለ መቅረጽ



ዛሬ የምናገረው የሌሊት ትዕይንትን በጥቂት መብራት በቪዲዮ ስለ መቅረጽ ነው። ለዚህ ንግግር ያነሣሣኝ የራሳችን ጥፋት ነው። ለዚህ በዓል ባዘጋጀነው አጭር ፊልም አንድ ጓደኛችን በሌሊት ከደጅ ቆሞ እናቱን ይጣራል። የነበረን መብራት አንድ አምፖል ብቻ ስለ ሆነ፥ በፊቱ ትይዩ አቆምነው። ምስሉ በታየ ጊዜ ከኋላው ያለው ነጭ ግድግዳ አበራ፤ ከእርሱ ግን ከዓይኑና ከጥርሱ በቀር የታየ አልነበረም። ሁላችንም ሳቅን። እርሱም አዝኖ ሥራውን ትቶ ሄደ።

ነገሩን በኋላ ስንመረምረው ጥፋቱ የፊቱ ሳይሆን የእኛ አለማወቅ ሆኖ ተገኘ። ካሜራው ብርሃኑን የመጠነው በግድግዳው ነበርና። ደግሞም ለብዙ ዘመን በውጭ አገር የቀለም ፎቶግራፍ ማመዛዘኛ ካርድ የሚታተመው በነጭ ሴት መልክ ስለ ነበር፥ ጥቁር መልክ በፎቶግራፍ ሲበደል ኖሯል።

እንግዲህ የተማርነው ይህ ነው። አንደኛ፥ የመብራቱ ርቀት እጥፍ ሲሆን የብርሃኑ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ተዋናዩን ከግድግዳው ማራቅ፥ መብራቱን ወደ ተዋናዩ ማቅረብ ነው። ሁለተኛ፥ መብራቱን በጎን አዙሮ በነጭ አንሶላ ላይ ማንጸባረቅ ይገባል፤ የጥቁር ፊት ቅርጽ ጎልቶ የሚወጣው በጎን በሚመጣ ሰፊ ብርሃን ነው። ሦስተኛ፥ የካሜራውን አይኤስኦ ያለ ልክ መጨመር ምስሉን አሸዋ የተነዛበት ያስመስለዋል። አራተኛ፥ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለ ሆነ፥ የካሜራውን መዝጊያ በ1/50 ሴኮንድ ማድረግ መብራቱ እንዳይርገበገብ ይረዳል። አምስተኛ፥ ሰፊ ሜዳ ለመቅረጽ ፀሐይ እንደ ጠለቀች፥ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ መጀመር ነው። ይህ ጊዜ በእኛ አገር ግማሽ ሰዓት እንኳ ስለማይሞላ ልምምዱ አስቀድሞ ማለቅ አለበት።

ስታንሊ ኩብሪክ በ1975 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ለታየው «ባሪ ሊንደን» ለተባለው ፊልም ትዕይንቶችን በሻማ ብርሃን የቀረጸው ለናሳ በተሠራ ልዩ ሌንስ ነበር። እኛ ያ ሌንስ የለንም፤ አንሶላ ግን ከየቤታችን አይጠፋም።

ወደ ጓደኛችን ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው፤ እርሱም ይቅር ብሎን ተመለሰ። ዛሬ ማታ በዚሁ አዳራሽ እናቱን ሲጣራ ታዩታላችሁ። ፊቱን ስታዩ የምትስቁ አይመስለኝም።