የጥናት ጽሑፍን ለጆርናል ስለ ማዘጋጀት
(በካኩማ ለሚገኙ ኢትዮጵያውያን ስደተኛ መምህራን፣ የጤና ሠራተኞችና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



በቅድሚያ ይህንን ሙቀት ችላችሁ፣ ከሥራችሁና ለውኃ ከምትሰለፉበት ሰዓት ቆርሳችሁ በመምጣታችሁ ከልብ እናመሰግናለን። የዛሬው ርዕሳችን አንድ ሰው ያካሄደውን ጥናት ለሳይንሳዊ ጆርናል እንዴት አድርጎ እንደሚያዘጋጅ ነው። ርዕሱ ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች ብቻ የተተወ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን እንደሚታወቀው ይህ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ጀምሮ ስለ ስደተኛው ብዙ ተጽፏል። መጠይቁን ይዞ ከቤት ቤት የሚዞረው፣ የሚያስተረጉመው፣ የተቀረጸውን ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ከእኛው መካከል የሆነ ሰው ነው። ጽሑፉ ታትሞ ሲወጣ ግን ስሙ አይታይም። ከዚህም ሌላ በገዛ እጃችሁ የሰበሰባችሁት ማስረጃ በደብተር ተጽፎ ከሳጥን ሥር የተቀመጠ አንዳንዶቻችሁ ዘንድ እንዳለ እናውቃለን።

ብዙ ሰው ጽሑፉን ከጨረሰ በኋላ ጆርናል ይፈልጋል። እኛ የምንመክረው በተቃራኒው ነው። እያንዳንዱ ጆርናል ለጸሐፊዎች ያወጣው መመሪያ አለው፤ የጽሑፉን ርዝመት፣ የዋቢዎቹን አጻጻፍ፣ የሠንጠረዡን ብዛት ሳይቀር ይወስናል። ስለ ስደት ለሚጽፍ ሰው እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው ጆርናል ኦፍ ረፊጂ ስተዲስ አለ፤ ይህ በሙያ አቻዎች የሚገመገም ከበድ ያለ ጆርናል ነው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የስደተኞች ጥናት ማዕከል የሚዘጋጀው ፎርስድ ማይግሬሽን ሪቪው ደግሞ አጠር ያሉና ቀለል ባለ ቋንቋ የተጻፉ ጽሑፎችን ያወጣል፤ የስደተኞችንም ጽሑፍ ያስተናግዳል። በጤና መስክ የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናልና የኢትዮጵያ ጤና ልማት ጆርናል ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የአፍሪካ ጆርናሎችን በአንድ ቦታ አሰባስቦ የሚያቀርበው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይንም በስልክ ይከፈታል። በእኛ አስተያየት ለጀማሪ አጭሩ መንገድ ይሻላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጀምር፣ ጽሑፋችሁን በጥቂት ቀን አትመን እናወጣለን የሚል፣ ከዚያም ገንዘብ ላኩ የሚል ኢሜይል ሊደርሳችሁ ይችላል። ፕሮፌሰር ያልሆነን ሰው ፕሮፌሰር የሚያሰኘው ገንዘቡ ነው። ትክክለኛ ጆርናሎችም ክፍያ የሚጠይቁበት ጊዜ አለ፤ ሆኖም ብዙዎቹ አቅም ለሌላቸው ጸሐፊዎች ክፍያውን ያነሳሉ፤ ይህንንም ጽሑፉ ከመላኩ በፊት በደብዳቤ መጠየቅ ያስፈልጋል። በነፃ የሚነበብ ጆርናል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2003 በተቋቋመው የነፃ ጆርናሎች መዝገብ ውስጥ መኖሩን ተመልከቱ። ከዘመድ የተላከላችሁን ገንዘብ ለማይታወቅ ጆርናል አትስጡ።

ስለ ጽሑፉ አወቃቀር ብዙ አንናገርም። መግቢያው ለምን እንዳጠናችሁ፣ የጥናት ዘዴው እንዴት እንዳጠናችሁ፣ ግኝቱ ምን እንዳገኛችሁ፣ ውይይቱ ያገኛችሁት ምን ማለት እንደ ሆነ ይናገራል። ከፊት የሚቀመጠው አጭር ማጠቃለያ መጨረሻ ላይ ይጻፋል። ከሁሉም ይልቅ የጥናት ዘዴውን አስፍታችሁ ጻፉ፤ ገምጋሚው ካምፑን አያውቀውምና።

እዚህ ላይ የእኛ ሀገር ሰው ብቻ የሚገጥመው ችግር አለ። አንዲት እናት «በ1984 ዓ.ም. ከሀገር ወጣሁ» ብትል በፈረንጅ አቆጣጠር 1991ም 1992ም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለ ሆነ ወሩን ሳትጠይቁ ዓመቱን መመለስ አይቻልም። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። ተማሪዋ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት ውኃ ልቀዳ ሄድኩ» ካለች በፈረንጅ ሰዓት 8 ማለት ነው፤ ሠንጠረዡ ላይ 2 ተብሎ ከገባ ልጅቱ ሌሊት እንደ ወጣች ይነበባል። ስለ ሴት ልጆች ደኅንነት በሚጽፍ ሰው እጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በየትኛው አቆጣጠር እንደ ጠየቃችሁና እንዴት እንደ መለሳችሁት በጥናት ዘዴው ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ።

የስማችንም ነገር አለ። የጆርናሉ ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። ከበደ አየለ የተባለ ሰው ቅጹን እንዳለ ቢሞላ ሥራው ለዘለዓለም በአየለ ስም ይጠቀሳል፤ አባትየው በማያውቁት ጥናት ይመሰገናሉ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ጥናት መስክ ጸሐፊው በራሱ ስም መጠቀሱ የተለመደ ቢሆንም የሌሎቹ ጆርናሎች ኮምፒውተር ይህን አያውቅም። የመረጣችሁትን አጻጻፍ ከመጀመሪያው ወስናችሁ ሳትለውጡ ያዙት። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋልና በስደተኛ ወረቀታችሁ ላይ ያለውን መከተል ሳይሻል አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ኦርሲድ የተባለው ባለ 16 አሐዝ የጸሐፊ መለያ ቁጥርም በነፃ ይሰጣል፤ ካምፕ ወይም ሀገር ብትለውጡ አብሯችሁ ይሄዳል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ጥናት የሚመራበት የሄልሲንኪ መግለጫ ከወጣ እ.ኤ.አ. ከ1964 ወዲህ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ዛሬ ከሕክምና ውጭ ያሉ ጆርናሎችም የተጠያቂውን ፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴን ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። በኬንያ ከብሔራዊ የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ኮሚሽን የጥናት ፈቃድ ማውጣት፣ ለካምፑም የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤትን ማስፈቀድ ግድ ነው። ይህ ሁሉ ከጥናቱ በፊት የሚፈጸም ነው፤ ኋላ ተመልሶ የሚሰጥ ፈቃድ የለም። ደብተሩ ከሳጥን ሥር ያለበት ሰው ይህን ሲሰማ እንደሚያዝን እንገነዘባለን። ያለ ፈቃድ የተሰበሰበውን እንደ ጥናት ማቅረብ አይቻልም፤ ነገር ግን የገዛ ራሳችሁን የሥራ ልምድ እንደ ልምድ ጽፋችሁ ልምድ ለሚያስተናግዱ መጽሔቶች መላክ ትችላላችሁ፤ የሌላ ሰው ምስጢር እስካልገባበት ድረስ።

ወረቀቱ ቢሟላም ሰውየው ካልተጠበቀ ዋጋ የለውም። ስም መለወጥ ብቻውን አይበቃም። «የቀድሞ መምህር፣ የሦስት ልጆች አባት፣ በእንዲህ ያለ ብሎክ የሚኖር» ብላችሁ ከጻፋችሁ እዚህ ያለ ሁሉ ማንነቱን ያውቃል፤ ጽሑፉ ደግሞ ሀገር ቤትም ይነበባል። ዘመዶቹ ገና እዚያ ያሉ ሰው አለ፤ በተለያየ ጊዜ በተለያየ ምክንያት የወጣን ነንና። ለነጥባችሁ የማያስፈልገውን ዝርዝር ሁሉ አውጡት። ገምጋሚ ተጨማሪ ዝርዝር ቢጠይቅ እንኳ «ለተጠያቂው ደኅንነት ስንል ትተነዋል» ብሎ መመለስ ተገቢ መልስ ነው። የሚቀርባችሁ ሕትመት ቢሆን ይቅር።

የማን ስም ይግባ ለሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በቫንኩቨር ተሰብስበው የጀመሩት የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዛሬ አራት መለኪያ አላቸው። በጥናቱ ዕቅድ ወይም መረጃውን በመሰብሰብ ወይም በመተንተን ዋና ድርሻ መኖር፤ በመጻፍ ወይም በማረም መሳተፍ፤ የመጨረሻውን ጽሑፍ ማጽደቅ፤ ለሥራው ኃላፊነት መውሰድ። አራቱም መሟላት አለባቸው። ሆኖም ይኸው መመሪያ የመጀመሪያውን ያሟላ ሰው በጽሕፈቱና በማጽደቁ እንዲሳተፍ ዕድል ሊሰጠው ይገባል ይላል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ተመራማሪ በመረጃ ሰብሳቢነት ሲቀጥራችሁ፣ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት «ረቂቁን እናነባለን ወይ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ይህ ልመና አይደለም፤ የሙያው ሕግ ነው። ያስተረጎመ ብቻ ከሆነ ስሙ በምስጋናው ክፍል ይቀመጣል፤ እሱም ቢሆን ፈቃዱ ተጠይቆ።

ቋንቋን በተመለከተ፣ አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን እስከ መጨረሻ ማቆየት ስለሚወድ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል። ቆርጣችሁ ሁለት አድርጉት። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ቋንቋ ማስተካከል ዛሬ ተለምዷል፤ ብዙ ጆርናሎች መጠቀማችሁን እንድትናገሩ ያስገድዳሉ፤ ፕሮግራሙን እንደ ጸሐፊ መቁጠር ግን አይቻልም። የተጠያቂዎችን ቃል እንዳለ ወደዚያ አታስገቡ፤ ምስጢር ነው።

ጽሑፉን በአንድ ጊዜ ለአንድ ጆርናል ብቻ ላኩ። መልሱ ወራት ሊፈጅ ይችላል። አስተካክላችሁ መልሱ ከተባላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ የገምጋሚውን አስተያየት አንድ በአንድ ገልብጣችሁ ከሥሩ ምን እንዳደረጋችሁና በየትኛው ገጽ እንደ ሆነ ጻፉ። የማትስማሙበት ካለ ምክንያቱን አስረዱ እንጂ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ውድቅ ከሆነም አስተያየቱን ተጠቅማችሁ ለሌላ ጆርናል መላክ ይቻላል፤ ስመ ጥር ምሁራንም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ጽሑፉ የወጣለት ሰው ደግሞ ፍሬ ነገሩን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ በአንድ ገጽ አሳጥሮ ላነጋገራቸው ሰዎች እንዲያነብላቸው አደራ እንላለን።

ረቂቅ ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ጥያቄ ያላችሁም እጃችሁን አንሡ።