መንገዱ የማን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተነገረ)

በዚህ መድረክ ላይ ስለ ዓለም ፖለቲካ፣ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ኢኮኖሚ ብዙ ተነግሯል። እኛ ዛሬ የተነሣነው ስለ አንድ ተራ ነገር ለመናገር ነው፤ ይኸውም በከተሞቻችን መካከል ስለሚያልፈው አስፋልት ነው። ነገሩ ተራ ቢመስልም ከእያንዳንዳችን ቤት ደጃፍ የሚጀምርና በብዙ ቤት ኀዘን ያስገባ ስለ ሆነ ጥቂት ጊዜ ጆሮአችሁን እንድትሰጡን እንለምናለን።

እኛ ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ከምሥራቅ ጎጃም የመጣን ተማሪዎች ነን። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ የተሻገረ መንገደኛ ደጀን ሲደርስ ሁለት መንገድ ያገኛል። አንደኛው በደብረ ማርቆስ፣ በአማኑኤልና በደምበጫ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ይወጣል፤ ሁለተኛው በቢቸናና በሞጣ በኩል ዞሮ ወደዚያችው ባሕር ዳር ይደርሳል። መንገዱ ከተሞቹን በዳር አያልፋቸውም፤ በመካከላቸው ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ። አማኑኤልን እንደ ምሳሌ ብንወስድ፣ ለሩቅ መንገደኛ አስፋልቱ ወደ ባሕር ዳር የሚያደርስ መንገድ ነው፤ ወደ ደብረ ማርቆስ ለሥራ ለሚመላለሰው ሠራተኛና ነጋዴ የዕለት መመላለሻው ነው፤ ለአማኑኤል ሰው ግን ደጁ ነው። ሱቁ፣ ሻይ ቤቱ፣ የባጃጁ መቆሚያ፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበት፣ ገበሬው አህያውን የሚነዳበት፣ ሁሉም እዚያው ላይ ነው። አንድ መንገድ ሁለት ጌታ አለው፤ አንዱ ለማለፍ ይፈልገዋል፣ ሌላው ለመኖር።

ድሮ አባቶቻችን በበቅሎና በእግር ሲጓዙ መንገደኛ ማለት እንግዳ ማለት ነበር። መንደር ሲደርስ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ውሃ ይለምናል፤ የመሸበትም እንደ ሆነ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ አድሮ ይሄዳል። በኬላው ቀረጥ ይከፍላል፤ በገበያው ይሸጣል፣ ይለውጣል። መንደሩም በመንገደኛው ይጠቀማል፤ መንገደኛውም መንደሩን ያከብራል። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተከፈተ። ይህ ሁሉ ለአገራችን ትልቅ ጥቅም ነው፤ የሚያማርር የለም። ነገር ግን መንገዱ በተስተካከለ መጠን መኪናው ፈጠነ፤ መኪናውም በፈጠነ መጠን መንገደኛው እንግዳነቱን ረሳ።

እዚህ ላይ በራሳችን የደረሰውን እንድንናገር ይፈቀድልን። በአንድ የፋሲካ ዋዜማ ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ተሳፍረን ወደየቤታችን እንሄድ ነበር። ቀኑ እየመሸ ስለ ነበር ሁላችንም ቸኩለናል። ሾፌሩ አማኑኤል ሲገባ ፍጥነቱን ቢቀንስ «ወንድሜ፣ ንካው እንጂ!» ያልነው እኛው ነን። ሰዓቱ የበዓል ገበያ የሚበተንበት ነበር። አንዲት ትልቅ ሴት አህያቸውን እየነዱ ሊሻገሩ ሲሉ ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠ፤ ግን አልደረሰም። አህያዋ ተመታች፤ እማማም በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ወደቁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእጃቸው መላላጥ በቀር ጉዳት አላገኛቸውም። ሰው ተሰበሰበ፤ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ የአህያዋ ዋጋ ተቆረጠ። እኛ ደግሞ መኪናው ውስጥ ሆነን ስለ መዘግየታችን ማጉረምረም ጀመርን። ከመካከላችን የአማኑኤል ልጅ የሆነው አንዱ ወርዶ ቢያይ እማማን አወቃቸው፤ ከእናቱ ጋር የጽዋ ማኅበር የሚጠጡ ናቸው። እሳቸውም ቀና ብለው አዩትና «አንተም እዚህ ውስጥ ነበርክ ልጄ?» አሉት። ሌላ ቃል አልተናገሩም። እኛም እስከ ደምበጫ ድረስ አልተነጋገርንም።

ከዚያ ቀን በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይዘን አንድ ሒሳብ ሠራን። በአንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ 2 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ2 ደቂቃ ያልፈዋል፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄደው በ4 ደቂቃ። ልዩነቱ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። እኛ እማማን ለሞት ልንዳርጋቸው የነበረው ለሁለት ደቂቃ ነው።

ሒሳቡን ግን በሐቀኝነት እንጨርሰው። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር እንዲህ ያሉ ሃያ ከተሞች ቢኖሩ፣ በየአንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ሲጨመር አርባ ደቂቃ ይሆናል። ሾፌሩና ባለንብረቱ «ይህ ጊዜ ገንዘብ ነው» ቢሉ ውሸት አልተናገሩም። እኛም ዋጋ የለውም አንልም። ነገር ግን መንገዱ የቀን ሙሉ ጉዞ ነው፤ ለምሳና ለቡና የምንቆመው ከዚህ ያላነሰ ጊዜ ይወስዳል። ለቡና የማንሰስተውን አርባ ደቂቃ ለሃያ ከተማ ሕፃናት ብንሰስት ምን እንባላለን?

በሌላ በኩል ደግሞ ያ ፍጥነት ምን እንደሚያደርግ የፊዚክስ መምህሮቻችን ያስተማሩን ሕግ ይነግረናል። አንድ ሾፌር አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በዚያች ሰከንድ ውስጥ በ60 የሚሄደው መኪና ወደ 17 ሜትር፣ በ30 የሚሄደው ወደ 8 ሜትር ይጓዛል። ከዚያም በደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ፍሬን ያለው ትንሽ መኪና በ60 ሲሄድ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር፣ በ30 ሲሄድ ግን 5 ሜትር ያህል ብቻ ይበቃዋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬን ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና። እንግዲህ አንድ ሕፃን 15 ሜትር ራቅ ብሎ ወደ መንገዱ ዘለለ እንበል። በ30 ይሄድ የነበረው መኪና ሳይደርስበት ቆሟል። በ60 ይሄድ የነበረው ገና ፍሬኑን አልረገጠም። ጭነት የተሸከመ መኪና፣ ዝናብ ወይም ጨለማ ሲጨመርበት ነገሩ የባሰ ነው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ እናቶቻችን። የፈሰሰ ጤፍ በትዕግሥት ይለቀማል። በአስፋልት ላይ የፈሰሰ ደም ግን የሚለቅመው የለም።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑት ሁሉ፣ ማለት በዚህ አዳራሽ ለተቀመጥነው ለአብዛኞቻችን፣ ከሞት ምክንያቶች ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው። ዛሬ የብስክሌት አገር ተብላ የምትመሰገነው ሆላንድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1971 ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ ሞቶባት ነበር፤ ከእነርሱም ከ400 በላይ ሕፃናት ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ አንድ ጋዜጠኛ «የሕፃናቱ ግድያ ይቁም» ብሎ ጻፈ፤ ወላጆች አደባባይ ወጡ፤ መንግሥቱም ሰማ። በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ መኪናው እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ እንዲሄድ የሚያዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣ። እኛ ድሮ የነበረንን ልማድ እነርሱ በሕግ አበጁት ማለት ነው።

ጉዳቱም ሞት ብቻ አይደለም። ዶናልድ አፕልያርድ የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማብቂያ በሳን ፍራንሲስኮ ሦስት ጎዳናዎችን አጠና። በቀን 2,000 መኪና በሚያልፍበት ጎዳና የሚኖር ሰው በዚያው ጎዳና ላይ በአማካይ ሦስት ወዳጆች ሲኖሩት፣ 16,000 መኪና በሚያልፍበት ጎዳና የሚኖረው ግን አንድ እንኳ አልሞላለትም። ፈጣን መንገድ ጎረቤትን ከጎረቤት ይለያል ማለት ነው። ቡና ለመጠራራት አስፋልቱን መሻገር የሚያስፈራ ከሆነ፣ ጉርብትናው ቀስ በቀስ ይሞታል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። አንዳንዶች «ጥፋቱ የእግረኛው ነው፤ ገበያውን አስፋልት ላይ ይዘረጋል፣ በርበሬ ያሰጣል፣ ከብት ይነዳል፣ ልጁን ይለቃል» ይላሉ። ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነ አለ፤ ነዋሪው ራሱን ማረም ይገባዋል። ነገር ግን የእግር መንገድ ያልተሠራለት ሰው በየት ይሂድ? ሰው ይሳሳታል፤ ሕፃን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይሳሳታል። ለስሕተት ቅጣቱ ሞት ሊሆን አይገባም።

ሌሎች ደግሞ «መኪናው በከተማው ውጭ ዞሮ ይለፍ» ይላሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን የአማኑኤልም ሆነ የቢቸና ሻይ ቤትና ሱቅ የሚኖረው በመንገደኛው ነው። መንገደኛውን ማባረር ከተማውን ማስራብ ይሆናል። እኛ የምንለው መንገደኛው ይምጣ፤ ነገር ግን እንደ እንግዳ ይምጣ ነው።

ሦስተኞቹ «የአገራችን ሾፌር ልማዱን አይለውጥም» ይላሉ። ይህን ታሪክ አይቀበለውም። እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ መኪና በግራ በኩል ይነዳ ነበር፤ በዚያ ዓመት በታዘዘው ቀን ወደ ቀኝ ተዛወረ፤ አገሩ በሙሉ እጁን ለወጠ። ሕግም አልጎደለንም። የትራንስፖርት ደንብ ቁጥር 279፣ ቀጥሎም የ2003 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 208 የከተማን ፍጥነት ከገጠሩ ለይተው ወስነዋል። የጎደለው ሕጉ በመንገዱ ላይ እንዲታይ ማድረግ ነው። በአዲስ አበባ በ2009 ዓ.ም. ገደማ የለገሀር መገናኛ በቀለምና በቀላል መለያዎች ብቻ ተስተካክሎ የእግረኛው መሻገሪያ አጠረ፤ ታላቅ ገንዘብ አላስፈለገም።

«ይህ ሁሉ በዚህ ዘመን ነው ወይ የሚወራው?» የሚልም ይኖራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ጦርነት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ሕዝቡም በብዙ መከራ ውስጥ ሲያልፍ እንደ ቆየ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ሾፌር ከመቼውም ይልቅ የሚጣደፈው መንገዱ በተከፈተ ቀን ነው። ከጥይት የተረፈ ልጅ በጎማ እንዳይሞት ማሰብ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዳችን ስንሳፈር «ንካው» ማለትን እንተው። ከተማ ሲደረስም «ሾፌር፣ እባክህ ቀስ በል፣ ከተማ ነው» የሚል አንድ ድምፅ ይኑር። አንዱ ካለ ሁለተኛው ይደግፈዋል፤ ዝም ያሉት እናቶችም ይመርቁታል።

ሁለተኛ፣ በሚመጣው ዕረፍት ወደየከተማችን የምንሄድ ሁሉ፣ ሰላም ከሆነና ከተማው ከፈቀደ፣ መንገዱን እንለካ። መሣሪያ አያስፈልግም። በመንገዱ ዳር 100 ሜትር ለክቶ ሁለት ምልክት ማድረግና በእጅ ሰዓት መቁጠር ይበቃል። 100 ሜትሩን በ12 ሰከንድ ያለፈ መኪና በ30 ይሄዳል፤ በ6 ሰከንድ ያለፈ በ60 ይሄዳል። በትምህርት ቤት መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ በገበያም ቀን፣ ስንት መኪና እንዳለፈና በስንት እንዳለፈ እንጻፍ። የሰሌዳ ቁጥር አንመዘግብም፤ የምንፈልገው ሰው ለመክሰስ ሳይሆን እውነቱን ለማወቅ ነው።

ሦስተኛ፣ የተሰበሰበውን ቁጥር ይዘን፣ ከምሕንድስና፣ ከሕግና ከሕክምና ተማሪዎች ጋር ሆነን፣ ለየከተማው ማዘጋጃ ቤትና ለመንገድ መሥሪያ ቤቱ አንድ አጭር ጽሑፍ እናቅርብ። የምንለምነውም ይህ ነው፤ በከተማው መግቢያና መውጫ ከሩቅ የሚታይ ምልክትና በሚገባ የተሠራ የፍጥነት መቀነሻ፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የእግር መንገድ፤ በትምህርት ቤትና በገበያ ፊት መሻገሪያ፤ የመኪና መቆሚያውም ከአስፋልቱ ፈቀቅ እንዲል። መምህሮቻችን በዚህ ሥራ እንዲመሩን በትሕትና እንጠይቃለን፤ መለኪያችን ስሕተት እንዳይኖርበት የእነርሱ ዕውቀት ያስፈልገናልና።

ወንድሞችና እኅቶች፤ እኛ በዓመቱ ውስጥ ሁለት ሰው ነን። ትምህርት ሲከፈትና ሲዘጋ መኪናው ውስጥ የምንቸኩል መንገደኞች ነን፤ በቀረው ጊዜ እናታችንና ታናናሾቻችን በዚያው መንገድ ዳር የሚጠብቁን የከተማው ልጆች ነን። ስለዚህ «መንገዱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ ከባድ አይደለም። የሁለታችንም ነው፤ ነገር ግን ሊዘገይ የሚችለው ይዘግይ፣ ሊሞት የሚችለው እንዲተርፍ።

ስማቸውን የማስመዝገብ ፈቃድ ያላቸው ከስብሰባው በኋላ በበሩ አጠገብ ያገኙናል።